መዝገቡ እስኪዘጋ

አባቴ ራሱ በጻፈው ሕግ ላይ ራሱ እንዲፈርድ መዝገቡ በጠረጴዛው ላይ በተቀመጠበት የበረዶ ወር እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ወር ሁለት ሰዎችን በደልሁ፤ አንደኛው አባቴ፣ ሁለተኛው አጎቴ ኤይናር ነው። በደሌ አንድ መልእክት ከማሳጠር የማይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሠላሳ አምስት ዓመት ትምህርት ቤት ስመራ፣ ግማሹን ብቻ ተናግሮ ዝም ያለን ተማሪ ከዋሸው አብልጬ የምቀጣው ስለዚያ ነበር። ተማሪዎቼ ምክንያቱን አያውቁም። እነሆ አሁን እናገራለሁ።

ከተማችን ቬስትቪክ ከሰው ይልቅ ላም የሚበዛባት ነበረች። አያቶቻችን ከኖርዌይ ተሻግረው ሲመጡ ይዘዋቸው የመጡት ላሞችን፣ የመዝሙር መጻሕፍትንና ዝምታን ነው። አባቴ ሃልቮር ቴይገን ከዚህች ከተማ ተመርጦ ዐሥራ ሁለት ዓመት በግዛታችን ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አገልግሏል። ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው በጉድሩን ቡና ቤት ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንዶቹ ነጥብ ያለባቸውን ጠጠሮች ከቆዳ ጽዋ ውስጥ እያንኳኩ ይጥላሉ፤ የተሸነፈው የሁሉንም ቡና ይከፍላል። አባቴ ብዙ ጊዜ ይሸነፍ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቦምቦሊኖዬን የስኳር ጢም እስካወጣ ድረስ እበላለሁ። ስለ ድልድይ፣ ስለ ባልቴት ጡረታ፣ አንዴም ስለሚናከስ ውሻ አቤት ሲሉት ሰምቻለሁ። እርሱ ሁሉንም ጥቁር ሽፋን ባላት ማስታወሻው ላይ ያሰፍራል። ኢቨር የሚባል ነገር አዋቂ ገበሬ ነበር። «ሴናተር፣ ውሻውንም ጻፉት፤ የሚመርጥዎ ቢያጡ እርሱ ይመርጥዎታል» ብሎ ጠረጴዛውን በሳቅ ሲያናውጠው ትዝ ይለኛል።

በዐሥራ ሁለቱ ዓመታት ውስጥ ለቬስትቪክ ሰዎች አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ የወተት ሕጉ። ትልልቅ ኩባንያዎች ከጎረቤት ግዛት ወተት በታንከር እየጫኑ ከተሞቻችንን ሲያጥለቀልቁ፣ አባቴ በግዛታችን ከተሞች የሚሸጥ ወተት ሁሉ በሠላሳ ማይል ውስጥ በሚገኝ ማጣሪያ የተዘጋጀ መሆን አለበት የሚል ሕግ አረቀቀ። ሕጉን ለማስጸደቅ በምክር ቤት ቆሞ የተናገረው ድምፁ እስኪዘጋ ነው፤ ወደ ቤት ሲመለስ ለሦስት ቀን በወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር የሚያነጋግረን። የገበሬዎቹን የወተት ኅብረት የሚመራው ታናሽ ወንድሙ ኤይናር ነበር። የኤይናር ሚስት ቲልዳ አንድ የብረት የወተት ጋን በቀይና በሰማያዊ አበባ አስጊጣ ሣለች፤ አንገቱ ዙሪያም «ለሃልቮር፤ ላሞቻችን ያመሰግኑሃል» ብላ ጻፈችበት። ጋኑ ከመግቢያ በራችን ጀርባ ቆመ፤ ጃንጥላዎቻችንን የምንሰካውም እዚያው ውስጥ ሆነ።

ከዚያ አባቴ የፌዴራል ዳኛ ሆነ። እናቴ በስልክ ለእህቷ «ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው» ስትል ሰማሁ። እኔ የማውቀው አንድ የዕድሜ ልክ ሰው ብቻ ነበር፤ ጎረቤቱን በመጥረቢያ ገድሎ የታሰረ። በቤታችን የተከተለው ነገር ሁሉ ደግሞ ግምቴን አረጋገጠልኝ። አባቴ ከክብ ጠረጴዛው ቀረ። በጉድሩን ቡና ቤት ፊት ሲያልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ ይሰላምና ሳይገባ ይሄዳል። ሰዎች የላኩልንን የእንጆሪ ማርማላታና የቄጠማ ቅርጫት ሙሉ እንቁላል እናቴ እያመሰገነች ትመልሳለች። ስልካችን ጸጥ አለ። እኔም አባቴ ያደረገው አንድ ከባድ ጥፋት አለ፣ ቅጣቱም ከሰው መለየት ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ማታ ስጸልይም ምሕረት እለምንለት ነበር።

ቡና እንዳይጠጣ የከለከለው ሕግ አልነበረም። በተሾመ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተዋቸውን ነገሮች በዚያች ጥቁር ማስታወሻ ላይ በቁጥር ጽፎ እንደነበር እናቴ ከጊዜ በኋላ አሳየችኝ። ክብ ጠረጴዛው ቁጥር አንድ ነበር። ዛሬ ቡናዬን የከፈለልኝ ሰው ነገ በፊቴ ሊቆም ይችላል የሚል ማብራሪያ አልጨመረበትም፤ አያስፈልገውም ነበር።

ከዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው የእሑድ ምሳ ብቻ ነው። ኤይናርና ቲልዳ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ዘንድ ይበላሉ። አጎቴ የአባቴን አዲስ ማዕርግ መዝናኛው አድርጎት ነበር። በቁም ነገር ፊቱን አኮሳትሮ «ክቡር ፍርድ ቤቱ ድንቹን ያቀብለኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ» ይላል። አባቴም ሳህኑን እያሳለፈ «አቤቱታው በከፊል ተቀባይነት አግኝቷል» ብሎ አንድ ድንች ብቻ ያስቀምጥለታል። በዚያ ዓመት አባቴ ሲስቅ የምሰማው በእሑድ ብቻ ነበር።

በጥር ወር አንድ የጎረቤት ግዛት የወተት ኩባንያ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ። ክሱ የቀረበው አባቴ በሚያስችልበት ፍርድ ቤት ሲሆን መዝገቡም ለእርሱ ደረሰው። ወሬው ከአባቴ በፊት ቬስትቪክ ገባ። ቦምቦሊኖ ልገዛ ጉድሩን ዘንድ ስገባ ክብ ጠረጴዛው ሠርግ መስሎ ነበር። ኢቨር ጽዋውን እያንኳኳ፣ «ሕጉን የጻፈው እጅ ሊፈርድበት ነው፤ እንግዲህ ላሞቻችን እግራቸውን ዘርግተው ይተኙ» አለ። ጉድሩን ገንዘቤን አልቀበል ብላ ሁለት ቦምቦሊኖ ጠቀለለችልኝ። የአባቴ ቅጣት አለቀ፣ ሰዎች ይቅር አሉት ብዬ በበረዶው ላይ እየዘለልሁ ወደ ቤት ሄድሁ።

አባቴ በዚያ ቀን ሳይመሽ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ጃንጥላዎቹን ከጋኑ ውስጥ አንድ በአንድ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። ጋኑን በጨርቅ ወለወለው። እናቴ ከማዕድ ቤቱ በር ቆማ ታየዋለች። ጋኑን አቅፎ ወደ መኪናው ሲወስድ እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ አልከለከለኝም።

የወተት ኅብረቱ ማራገፊያ በእንፋሎት ተሸፍኖ የአጓት ሽታ ይሸታል። አጎቴ ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ። እኔ ከመኪናው መስኮት ሆኜ የሰማሁት ይህን ነው።

«ይሄን መልሼልሃለሁ» አለ አባቴ።

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

«ይሄኛው ይመለሳል።»

አጎቴ እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ ደርቆ ሳለ ደግሞ ጠረገው። «ቲልዳ ስድስት ሳምንት ነው የፈጀባት።»

«አውቃለሁ።»

«እሑድስ?»

አባቴ በረዶውን አየ። «እሑዱን አንተ እወቅበት» አለ።

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋኑንም በእጀታው ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። በሕዝባችን ዘንድ ጠብም ፍቅርም የሚነገረው በአንድ ዓይነት ዝግ ያለ ድምፅ ነው፤ ልጅ ሊለያቸው አይችልም። እኔ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲጣሉ ያየሁ መሰለኝ። የተጣላውም አባቴ ነው ብዬ ፈረድሁ፤ ስጦታ የመለሰ እርሱ ነበርና።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ አምስት ሳህን አቀረበች፤ ቆይታ ሁለቱን አነሣች። አባቴ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ በላ። በትምህርት ቤት የኢቨር ልጅ፣ «አባትሽ ከፈራ የወተት ኅብረቱ ይዘጋል፤ አጎትሽም ለማኝ ይሆናል» ብሎኝ ነበር።  ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ቆርጬ ተነሣሁ፤ አጎቴን ወደ እሑድ ማዕዳችን እመልሳለሁ፣ አባቴም ሕጉን እንዲያድን አደርገዋለሁ አልሁ።

ዕድሉ በቀጣዩ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ የካፖርት መስቀያ ዘንድ ተገኘ። አጎቴ ወደ ጥግ ጠራኝና ከደረት ኪሱ የታሸገ ፖስታ አወጣ። «ራግና፣ ይህቺን ለአባትሽ እጅ በእጅ ስጪልኝ። በፖስታ ቤት እንዳልልክ ጸሐፊው ይከፍተዋል» አለኝ። ከዚያ ጆሮዬን በጓንቱ ቆንጠጥ አድርጎ «ትልቅ ሰው ነሽ እኮ አሁን» አለ። ምን እንደጻፈ አልጠየቅሁም፤ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ወንድሜ ሆይ፣ አድነን የሚል ልመና ነው።

አባቴ እጅ በእጅ ብሰጠው እምቢ ይላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ማታ ፖስታውን በሥራ ቦርሳው ወረቀቶች መካከል ሸሸግሁት።

ሰኞ ጠዋት ገንፎ እየበላን ሳለ ቦርሳውን ከፈተ። ፖስታውን በሁለት ጣቱ ጠርዝ ይዞ አወጣው፤ የወንድሙን ጽሕፈት ያውቃል። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይህን እዚህ ውስጥ ያስገባው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከፍተሽዋል?»

«አልከፈትኩትም።»

«ጥሩ። እኔም አልከፍተውም» አለ። ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «በመጣበት እጅ ይመለስ። ለአጎትሽ እንዲህ በይው፦ መዝገቡ ሲዘጋ አነበዋለሁ፤ አሁን ግን አልችልም። ድገሚልኝ።»

ደገምሁለት። ሁለተኛ አስደገመኝ። እንባዬ በገንፎው ውስጥ እየወደቀ፣ «ወንድምህ አይደለም እንዴ አባባ?» አልሁት።

«ለዚህ እኮ ነው» አለ፤ ተነሥቶም ባርኔጣውን አጠለቀ።

ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ወተት ኅብረቱ ስሄድ መንገዱን ሁሉ በቁጣ ጨረስሁት። «መዝገቡ ሲዘጋ» የሚለው ለእኔ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውኃ አመጣለሁ እንደማለት ነበር። እንዲህ ያለ ስድብ በአፌ አላደርስም ብዬ አሰብሁ። የአባቴ መልስ እምቢታ ከሆነ እምቢታውን ያለ ጌጥ ማቅረብ እውነተኝነት መሰለኝ። ልጅ በጽድቅ ስሜት ሲሞላ እንዴት አደገኛ እንደሚሆን ከዚያ በኋላ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አጎቴ የክሬም ናሙና እየመዘነ ነበር። ፖስታውን ዘረጋሁለት።

«ምን አለ?»

«አልፈልገውም አለ።»

አጎቴ ፖስታውን ገለባብጦ አየው፤ ማሸጊያው አልተነካም።  ከኋላው የቅቤ መናጫው በርሜል እየዞረ ነበር። ከዚያ ፖስታውን በደረት ኪሱ ከተተና «እንዲያ ካለ እንዲያ ነው» አለ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከገበታው ላይ አንድ ጉርሻ ትኩስ አይብ ቆርጦ ሰጠኝ። እንደ ትኩስ አይብ ሁሉ በጥርሴ መካከል ሲጮኽ ተሰማኝ፤ ያን ጊዜ ጣዕም አልነበረውም።

ከዐሥር ቀን በኋላ አባቴ ራሱን ከመዝገቡ ማንሣቱና ሌላ ዳኛ መተካቱ ተሰማ። በጉድሩን ቡና ቤት ኢቨር አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ ተባለ፤ «ሮጠ።» አባቴን ለሃያ ዓመት በስሙ የሚጠራ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ብረታ ብረት ሱቁ መስኮት ዞረ። አባቴ ግን ለጀርባው ባርኔጣውን አነሣለት። ከእኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር፤ በደብዳቤው አስደንግጬ ያስሮጥሁት እኔ ነኝ፣ የወተት ኅብረቱን የዘጋሁትም እኔ ነኝ አልሁ። አዲሱ ዳኛ ሕጉን ሻረው። ይግባኙ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ሽረቱ ጸና። ኅብረቱ ተሸጠ፤ አጎቴም እስኪያረጅ ድረስ የተማሪዎች አውቶቡስ ነዳ። እኛ ከዚያ በፊት አርባ ማይል ርቃ ወደምትገኘው የፍርድ ቤቱ ከተማ ተዛውረን ነበር።

በልጅነቴ ሳይሆን ጎልማሳ ሆኜ ያን መዝገብ ለማየት ጠየቅሁ፤ ለማንም ክፍት ነው። አባቴ ከችሎቱ የተነሣበት ማመልከቻ የተጻፈው ጋኑን በመለሰበት ቀን ነው፤ የዘገየው ተተኪ እስኪሰየም ድረስ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ከመሸሸጌ በፊት ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ማመልከቻው ሁለት መስመር ነው፦ «ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስለ እርሱ የምለውን ሁሉ በተገቢው ቦታ ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

ስለዚህ ኅብረቱን አልዘጋሁም። በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ያለውን በር ግን ዘግቻለሁ። የይግባኙ ውሳኔ በተሰማበት ሳምንት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ የፖስታ ሣጥኑን ሲከፍት አየሁት፤ በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። እሑድ እናቴ ሳትጠየቅ አምስት ሳህን አቀረበች። ምን እየጠበቁ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ገባኝ። ያጎደልሁትን መልእክት በዚያች ሰዓት መሙላት እችል ነበር። አልሞላሁም። ስለ ዐሥር ዓመቷ ልጅ ምክንያት ማቅረብ ይቻል ይሆናል፤ ስለ ዐሥራ ሦስት ዓመቷና ስለ ሠላሳ ዓመቷ ሴት ግን ምክንያት የለኝም፤ ፈርቼ ነው።

እነርሱም አልተጠያየቁም። በእኛ ዘንድ አንድ ጊዜ «አልፈልግም» ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ እልክልሃለሁ ያላለን ሰው ደብዳቤ መጠየቅም እንዲሁ። በቀብር ላይ ሲገናኙ ይጨባበጣሉ፤ ስለ ዝናብ ይነጋገራሉ። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንዱ የሌላውን ክብር እየጠበቁ አረጁ።

አጎቴ ባለፈው መከር ዐረፈ። ከቀብሩ በኋላ ቲልዳ በዘጠና ዓመቷ በትሯን ተደግፋ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ጋኑን አሳየችኝ። ዝጎ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። አበባዎቹ ትናንት የተሣሉ ይመስሉ ነበር። ክዳኑን ስታነሣው ፖስታው ውስጡ ነበር፤ ቢጫ ሆኗል፣ አልተከፈተም።

«እትዬ፣ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«የሰው ደብዳቤ አልከፍትም» አለች። «ከነጋኑ ወስደሽ ለባለቤቱ ስጪው። አሁንም አልፈልግም ካለ እኔው ፊት ይበለኝ።»

አባቴ ዘጠና ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዚያችው የፍርድ ቤቱ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ይኖራል፤ ዓይኑ ጥላና ብርሃን ብቻ ይለያል። ሐሙስ ዕለት ከወንበሩ ፊት ቆምሁ፤ ተማሪዎቼን እንዳቆም ቀጥ ብዬ። በመጀመሪያ ያስያዘኝን መልእክት ቃል በቃል ደገምሁለት፤ ሃምሳ አንድ ዓመት አልረሳሁትም። ቀጥዬ ለአጎቴ የነገርሁትን ነገርሁት። ልጅ ነበርሁ አላልሁም።

ጣቶቹ የወንበሩን ክንድ ሲዳስሱ ቆዩ። «አልፈልገውም አለ» ሲል ደገመው፤ እንደሚመዝን ሰው። «ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እንዲያ ካለ እንዲያ ነው አለ። አይብ ሰጠኝ።»

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።  «ቀድመሽ መናገር ነበረብሽ፤ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን። ደብዳቤው የታለ?»

«ይኸው እጄ ላይ ነው።» ጣቴን ወደ ማሸጊያው ስልክ የወረቀቱን ድምፅ ሰማና እጁን አነሣ።

«ቆዪ። መዝገቡ ተዘግቷል?»

«ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት ተዘግቷል አባባ።»

«ይግባኙስ?»

«አልቋል። ኩባንያውም ከስሯል፣ ኅብረቱም የለም፣ ሕጉም የለም።»

 «እንግዲያስ ክፈቺው» አለ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

«ሃልቮር፤ ከመዝገቡ እንደምትነሣ ጋኑን ስትመልስ ገብቶኛል። ሰዎቹ አማልዳቸው ዘንድ ወደ አንተ ሊልኩኝ ፈልገው ነበር፤ እምቢ ብያቸዋለሁ። እሑድ የምቀረው ተቀይሜ እንዳይመስልህ። ከማዕድህ ላይ ወሬ የሚለቅም እንዳይኖር ብዬ ነው። ነገሩ ሲያልቅ በእሑድ ቀን ጋኑን ይዤ መጥቼ በርህ ላይ አቆመዋለሁ። ቲልዳ ቀለሙን ታድሰዋለች። እስከዚያው ድንቹን ለብቻህ ብላ። ኤይናር።»

አንብቤ ስጨርስ አባቴ ድጋሚ አንብቢልኝ አለ። ሁለተኛ አነበብሁለት፤ አንድ ቃል ሳላጎድል።

«ጋኑ የት ነው?» አለ።

«መኪናዬ ውስጥ ነው። አሁን ላምጣልህ?»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ አባቴ። «እሑድ ብሏል።»

እሑድ ዕለት መንገዱ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ከቬስትቪክ አርባውን ማይል ጋኑን በጎኔ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ነዳሁ። በረጅሙ ኮሪደር አቅፌው ሄጄ በክፍሉ ደፍ ላይ አቆምሁት። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጠብቆኛል። የጋኑ ብረት የወለሉን ድንጋይ ሲነካ ሰምቶ ቀና አለ።

«ግባ» አለ።